ለአባትዎ ነው?

ዛሬ ስለማይወራ ነገር እናውራ፤ ስለ ሽንት። ቁርስ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ እኔ የትም አልሄድም።

መድኃኒት ቤት ገብቼ «ካቴተር አላችሁ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ወጣት የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነው። «ለአባትዎ ነው?» ይለኛል። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጁ አባቴን ያውቃቸው ይሆናል እል ነበር። ግን ከፒያሳ እስከ መገናኛ የሞከርኩት ሁሉ ያው ነው። አባቴ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ሳሉም ሽንታቸው አስቸግሯቸው አያውቅም። አንድ ቀን «የለም፣ ለራሴ ነው» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ የቆሙት ሁለት ሰዎችም አዩኝ። ከዚያ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የተሰረቀ ዕቃ እንደሚያሻሽጥ ሰው «ቁጥር ስንት?» አለኝ።

በልጁ አልፈርድም። በአገራችን «ሽንት ተዘጋበት» ሲባል እንጂ «ተዘጋባት» ሲባል የሰማ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሽንት የሚዘጋው ፕሮስቴቱ ያበጠ ሽማግሌ ላይ ነው፤ አለቀ። ሴት ደግሞ ብታፈስ እንጂ ብትዘጋ አይታሰብም። ሴትም ግን ትዘጋለች። ከወሊድ በኋላ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ፣ ስኳር ነርቮቿን ሲጎዳው፣ ማህፀኗ ወደ ታች ወርዶ ቧንቧውን ሲያጥፈው፣ አከርካሪዋ ሲመታ። በፌስቱላ ሳቢያ ሽንታቸውን ለዓመታት መቆጣጠር ተስኗቸው የኖሩ እናቶች እንኳ ቀዳዳው በቀዶ ጥገና ከተደፈነላቸው በኋላ አንዳንዶቹ ተቃራኒው ይገጥማቸዋል፤ ፊኛቸው በራሱ መጭመቅ ያቅተውና ሽንቱ አልወጣ ይላል። መቼም የሴት መከራ ተራውን ጠብቆ ነው የሚመጣው።

የእኔ ምክንያት ወገቤ ነው። ከአከርካሪያችን መጨረሻ ላይ ወደ ታች የሚዘረጋ የነርቭ ጥቅል አለ፤ ሐኪሞች በላቲን «የፈረስ ጭራ» ይሉታል። የወገቤ ዲስክ ተንሸራቶ እሱ ላይ ተጫነ። ቀዶ ጥገናው እግሬን አዳነልኝ፤ ዛሬ እሄዳለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ። ፊኛዬ ግን የሞላ ጊዜ «ሞላሁ» ማለቱን ተወ። የሰው ፊኛ ግማሽ ሊትር አካባቢ ሲይዝ ባለቤቱን እረፍት ይነሳል። የእኔ ከዚያ እጥፍ በላይ ይዞ ጭጭ ይላል። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከልክ በላይ የተለጠጠ ፊኛ ጡንቻው ይላላል፤ የተጠራቀመው ሽንት ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ግፊቱ ወደ ላይ ሲመለስ ኩላሊትን ይጎዳል። ሐኪሙ «ሽንት እንደ ቆሻሻ ነው፤ ካልወጣ ቤቱን ያበላሻል» አለኝ። ገላጭ ሰው ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

መጀመሪያ የተደረገልኝ ሁላችሁም ሆስፒታል ስትጠይቁ ከአልጋ ሥር ተንጠልጥሎ ያያችሁት ዓይነት ነው። ፎሊ ይባላል፤ ጫፉ ላይ በውኃ የምትነፋ ትንሽ ፊኛ አለችውና ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሽንቱም ወደ ከረጢት ይወርዳል። ለጥቂት ቀን ባለውለታ ነው። ለወራት ግን አዳሪ እንግዳ ይሆናል፤ ውስጥ በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽን እየጋበዘ፣ ሲብስም ጠጠር እያበጀ። እኔ ስድስት ሳምንት ከረጢቴን ከነጠላዬ ሥር ይዤ ዞርኩ። ከመንቀሳቀሱ ይልቅ የከበደኝ ድምፁ ነበር። ስቀመጥ ያንቋርር ነበር። ባለቤቴ ሬዲዮውን ከፍ ያደርግልኝ ጀመር፤ ምንም ሳይናገር። ሬዲዮ ከፍ ማድረግ ፍቅር መሆኑን በሃምሳ ዓመቴ ተማርኩ።

ከዚያ ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት ሲስተር «እትዬ፣ ይኼን እናውልቀውና ራስሽ እያስገባሽ ራስሽ እያወጣሽ ትሽኛለሽ» አለችኝ። የልጄ እኩያ ናት። እንደ ልጅ ቀልድ ነው የወሰድኩት። «ራሴ? በየት በኩል?»

«በመስታወት» አለች።

ይኼኔ ነው የሴት ትምህርታችን የቱ ላይ እንደቀረ የገባኝ። ወንዱ ሽንቱ የሚወጣበትን በቀን አምስት ጊዜ ያየዋል። ሴቷ ግን ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታም፣ የሽንቷ መውጫ ለብቻው የሆነ፣ ከማህፀን በር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ትንሽ ቀዳዳ መሆኑን የነገራት የለም። ሲስተሯ በእጅ መስታወት አሳየችኝ። ቱቦው ስቶ ወደ ማህፀን በር ከገባም «አትደንግጪ፤ እዚያው ተይውና ምልክት ይሁንሽ፣ በሌላ ንጹሕ ቱቦ ከሱ ከፍ አድርገሽ ሞክሪ» አለችኝ። ይህችን ምክር በወርቅ ቀለም ጽፌ ብሰቅላት ደስ ይለኛል፤ ሳሎን ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መስታወቱን ተውኩት። አሁን በጣቴ እየዳሰስኩ በጨለማም ይሆንልኛል።

እንዲህ ዓይነቱ ራስን ማገልገል የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃክ ላፒደስ የተባለ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሽንት አካላት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጽሑፍ አሳተመ። እስከዚያ ድረስ በየሰዓቱ ቱቦ አስገብቶ ማውጣት በጓንትና በተቀቀለ መሣሪያ፣ በባለሙያ እጅ ብቻ የሚሠራ ነበር። ላፒደስ ግን ፊኛን የሚያሳምመው በዋናነት መወጠሩ ነው አለ፤ ሲወጠር የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፣ ደም ያጣ ፊኛም ጀርም መከላከል ያቅተዋል። ስለዚህ እጅን በሳሙና ታጥቦ በሰዓቱ ባዶ ማድረግ፣ በንጽሕና ፍጹም ሆኖ ሰዓት ከማሳለፍ ይሻላል። የሙያ ጓደኞቹ እንደ እብድ አዩት ይባላል። ዛሬ እኔን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ ያለ ስንትና ስንት ሰው ከከረጢት የተገላገለው በዚህ ሐሳብ ነው።

ታዲያ ዘዴውን ካወቅን የቀረው ዕቃው ነው። በየትኛው ቱቦ?

የእኛ መድኃኒት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያወጡላችሁ ኔላተን የሚሉትን ነው፤ ስሙን ያገኘው ከአንድ የፈረንሳይ ቀዳጅ ሐኪም ነው። ተራ ፕላስቲክ፣ ርዝመቱ አርባ ሴንቲ ሜትር። የሴት የሽንት ቧንቧ ግን አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የወንዱ ሃያ ነው። ስለዚህ የእኔ ጉዳይ አምስት ስድስት ሴንቲ ላይ ሲያልቅ ቀሪው ሠላሳ ምናምን ሴንቲ እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እጄ ላይ ይወዛወዛል። የሚያስገርመው ምን መሰላችሁ? ከ1,900 ዓመት በፊት በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው የሮማውያን ከተማ በፖምፔ ውስጥ የነሐስ ካቴተር ተገኝቷል፤ የወንዱ ረዥምና ጠመዝማዛ፣ የሴቷ አጭርና ቀጥ ያለ። ያን ጊዜ ለይተው አውቀውት ነበር። የእኔ ሰፈር መድኃኒት ቤት ግን ይኸው አባቴን እየጠበቀ ነው።

ቁጥሩ እንኳ ቀላል ነው። ከፓሪስ የሕክምና መሣሪያ ሠሪው ከሻሪዬር የወረስነው ነው፤ ቁጥሩን ለሦስት ስታካፍሉት ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ታገኙታላችሁ። አሥራ ሁለት ቁጥር አራት ሚሊ ነው። ለአዋቂ ሴት ከአሥር እስከ አሥራ አራት ያለው ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለው ቀለምም ቁጥሩን ይናገራል፤ አሥሩ ጥቁር፣ አሥራ ሁለቱ ነጭ፣ አሥራ አራቱ አረንጓዴ። እኔ ነጭ ነኝ። ቀጭን ከሆነ አይጎዳም ብለው የሚያስቡ አሉ፤ በጣም ሲቀጥን ግን ሽንቱ ጠብ ጠብ እያለ ሩብ ሰዓት ያስቀምጣል፤ ቱቦውም ሲገፉት ይታጠፋል።

ሜሪላንድ ያለችው ታናሽ እህቴ ጉዳዩን ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ካርቶን ላከች። በውስጡ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ከውጭ ልዩ ቅብ ያለው ነው፤ ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ ይሟልጫል፤ ጄል አያስፈልገውም። ሲገባ አይታወቅም ማለት ይቻላል። ለዓመታት በቀን አምስት ጊዜ ለሚያስገባ ሰው ይህ ተራ ምቾት አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ያው ቅብ ያለበት፣ ግን የጣት ርዝመት ያላት፣ ማሸጊያዋ የከንፈር ቀለም የምትመስል ናት። ከቦርሳዬ ወድቃ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ አንስታ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» ብላኛለች። «ነጭ» አልኳት።

እህቴ እንደምትለው እዚያ አገር ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ድሮ በወር የሚከፍለው ለአራት ቱቦ ነበር፤ እያጠቡ መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሕጉ ተለወጠና ለሚያስፈልገው ሰው በወር እስከ ሁለት መቶ ሆነ፤ አንዱ ለአንድ ጊዜ። ስትነግረኝ ሒሳብ ሠራሁ። በቀን አምስት፣ በወር መቶ ሃምሳ፣ በዓመት 1,825። የእህቴ ካርቶን፣ ያ ሁሉ ዕንባና የመላኪያ ዋጋ ፈሶበት፣ አርባ ቀን አይሞላም።

እዚህ ላይ ነው የካቴተር ማወዳደር እንደ ጫማ ማወዳደር የማይሆነው። ቅብ ያለው ጥሩ ነው፤ ግን አይታጠብም፤ ቅቡ ከደረቀ በኋላ ሥጋ ላይ ይጣበቃልና መልሶ መጠቀም ራስን መላጥ ነው። ተራው ፕላስቲክ ደግሞ ማሸጊያው ላይ «ሁለት» ቁጥር ክብ ውስጥ ተሰርዞ ታትሞበታል፤ ሁለተኛ አትጠቀሙ ማለት ነው። በእኛ አገር ኑሮ ይህን የሚያከብር ስንቱ ነው? እኔ ሐኪሜንም ሲስተሯንም አማክሬ፣ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ውስጡን ጭምር አጥቤ፣ አድርቄ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ለጥቂት ጊዜ እጠቀምበታለሁ፤ ሻካራ ወይም ብዥ ያለ ከሆነ እጥለዋለሁ። ጥናቶቹን ሰብስበው የመረመሩ ሰዎችም ቅብ ያለው ከሌለው፣ የአንድ ጊዜው ከሚታጠበው ኢንፌክሽን ይቀንሳል ብለው አፋቸውን ሞልተው ለመናገር በቂ ማስረጃ አላገኙም። ሻጮቹ ግን አፋቸውን ሞልተው ይናገራሉ።

ከማይዝግ ብረት የተሠራ የሴት ካቴተርም አለ፤ ተቀቅሎ ለዓመታት የሚያገለግል። ከሁሉም ርካሹ እሱ ሆኖ ሳለ ለምን በየመድኃኒት ቤቱ እንደማይሸጥ እንጃ። ደረቅ ነው፣ አይታጠፍም፣ የማይረጋ እጅ ላለው ሰው አልመክረውም። አጭሯም ብትሆን ለሁሉ አትሆንም። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አንዲት ወዳጄ ሞክራት ወረወረቻት፤ ሽንቱ ከመቀመጫው ጫፍ አልፎ ዕቃ ውስጥ እንዲወርድ ረዥም ቱቦ ያስፈልጋላ! እኔ የሳቅሁበት አርባ ሴንቲ ለሷ ነጻነቷ ነው።

እኔ ራሴ ሁሉንም ያወዳደርኩት ግን ደሴ ነው፤ ለቅሶ ላይ።

አክስቴ አርፋ በአውቶቡስ ሄድን። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ ሰዓት አራት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፊኛዬ ባይነግረኝም ላብ ላብ ይለኛል፣ ራሴን ያመኛል። ድሮ እንደ ማንኛዋም ሴት መንገድ ስወጣ ውኃ አልጠጣም ነበር። የአገራችን ሴት ገና ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሽንቷን መያዝ ትማራለች፤ ንጹሕ ሽንት ቤት ስለሌለ አትጠጣም፣ ስላልጠጣች ይሻላታል ብላ ታስባለች። ለእኔ ግን አለመጠጣት ተከልክሏል፤ የወፈረ ሽንት ውስጥ ጀርም ይመቸዋልና። ስለዚህ እየጠጣሁ እጓዛለሁ። ሹፌሩ ተራራው ወገብ ላይ አቁሞ «የሚሸና ይሽና» ሲል ወንዶቹ መንገድ ዳር ተሰለፉ፤ ሴቶቹ ቁጥቋጦ ፍለጋ ወረድን። ቁጥቋጦ ሥር አርባ ሴንቲ ቱቦ፣ ጄል፣ ሳሙናና የውኃ ላስቲክ ዘርግቶ መቀመጥን አስቡት። የከንፈር ቀለሟን አወጣሁ። በሁለት ደቂቃ ተነሣሁ። አጠገቤ የነበረች ሴት ሽንቷን እንደ እኔ የሸናሁ መሰላት።

ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ነው። አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ሃምሳ ሴት። በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ አንድ እጅ በሩን መያዝ አለበት። አምፖል የለም። ቱቦውን የማስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ የለም። በዚያ ላይ እየታጠበ የሚደርቀው የቤት ቱቦዬ የት ይሰጣል? ከድንኳኑ ገመድ ላይ? የያዝኳቸው አጫጭሮች አሥራ ሁለት ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አለቁ። ሠልስቱ ገና ነው። ከዚያ በረዥሙ፣ ግራ ክንዴን በሩ ላይ ደግፌ፣ በቀኜ እየዳሰስኩ፣ ከውጭ አንዲት አሮጊት «የሞትሽ እንደሆነ ንገሪን!» እያሉ። ወጣሁ። «ሆዴን ነው እማማ» አልኳቸው። «ሐዘን ሆድ ይይዛል» ብለው አዘኑልኝ።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ ይህ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ውኃና ጊዜ ባለበት፣ ተራው። አጫጭሮቹን ለመንገድ፣ ለለቅሶና ለሠርግ አስቀምጣለሁ። እህቴ «ጥሩውን ተጠቀሚበት፣ ለማን ታስቀምጪዋለሽ?» ትለኛለች። አርባ ቀን እንደ ንግሥት ሸንቼ አርባ አንደኛው ቀን ላይ ምን ልሆን ነው? ተራው ነገ ጠዋትም መንገድ ማዶ ይገኛል። ይገኛል ስል፣ ብዙውን ጊዜ። የጠፋ ጊዜ አራት መድኃኒት ቤት ዞሬ አራት ጊዜ ስለ አባቴ ተጠይቄአለሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። መድኃኒቱንም መደበቅ እንዳለ ግን ተረት ያወጡት አልደረሱበትም። እዚያ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ከከሚሴ የመጣች እናት ይህን ነበር ለሲስተሯ የምታስረዳው። ዕድሜዋ ከእኔ ከፍ ይላል፤ ስኳር ነው ያደረሳት። የተሰጣት አንዲት ተራ ቱቦ በፌስታል ተጠቅልላ እጇ ላይ ነበረች። ምራቷ እንዳታይባት ትፈራለች። ከእኔ ቦርሳ ሦስት አጫጭሮች አውጥቼ ሰጠኋት፤ አገላብጣ አየቻቸውና መለሰችልኝ። «ከለመድኩት በኋላ ከየት አመጣለሁ እህቴ?» አለች። ይህን ለመረዳት እኔ አንድ ካርቶን ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ወደ ሲስተሯ ዞረች። «ውኃ ያልመጣ ቀንስ?»

«ያገኘሽውን ያህል እጅሽን ታጠቢ፣ ጠርጊ። ከጠፋም ሰዓቱን ግን አታሳልፊ» አለች ሲስተሯ።

«ሰዓት የለኝም'ኮ ልጄ።»

ሲስተሯ ትንሽ አሰበች። «በቀን አምስቴ ነው እናቴ። አዛን አይሰማሽም?»

ሴትየዋ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ሱብሂ፣ ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ። ሦስተኛው ጣት ላይ ሳትደርስ ቆመች። «ከሱብሂ እስከ ዙህር'ኮ ረዥም ነው» አለች። «መግሪብና ኢሻ ደሞ አንድ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው መግሪብን እለፊውና ረፋድ ላይ አንድ ጨምሪ» አለች ሲስተሯ።

«ረፋድ ላይ ቡና አለ» አለች ሴትየዋ። «ቡናው ሲቆላ እነሣለሁ።»